በራጅ የማይታየው ሕመም፦ የጓያ ሽባነትና ጥናቱ በሰሜን ወሎ

የአንጎልና የነርቭ ሕመሞች ጥናት ታሪክ በአብዛኛው የመሣሪያዎች ታሪክ ሆኖ ይተረካል። ሮንትገን በ1895 ራጅን ማግኘቱ፣ ዳንዲ በ1918 የአንጎልን ክፍተቶች በአየር ሞልቶ በራጅ ማሳየቱ፣ በ1971 በለንደን የመጀመሪያው ሕመምተኛ በሲቲ ስካን መመርመሩ፣ ቀጥሎም የኤምአርአይ መምጣት እንደ መሰላል ደረጃ ተደርድረው ይነገራሉ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ታሪኩ በዚህ መንገድ ሲነገር ወልድያን የመሰለ ከተማ ቢጠቀስ እንኳ መሣሪያው ዘግይቶ የደረሰበት ቦታ ተብሎ ብቻ ነው። ይሁን እንጂ በ1990ዎቹ መጨረሻና በ2000ዎቹ መጀመሪያ ላይ፣ እንቅስቃሴን የሚመሩትን የአንጎል ሕዋሳት ስለሚያጠፋ አንድ ሕመም ቀድሞ ያልታወቀ ነገር ያሳወቀው ጥናት መነሻው ሰሜን ወሎ ነበር። የጥናቱ መሣሪያ መጠይቅ፣ የመርማሪው ዐይንና የጅማት መዶሻ ነበር። ሕመሙም የጓያ ሽባነት፣ በሕክምና ስሙ ኒውሮላቲሪዝም የሚባለው ነው።

አካባቢውን ለማያውቅ አንባቢ ስለ መልክዐ ምድሩ ጥቂት ማለት ይገባል። ከደሴ ወደ ወልድያ የሚወስደው አውራ ጎዳና የሀብሩን ወረዳ አቋርጦ ያልፋል። የወረዳው ዋና ከተማ መርሳ ከወልድያ በስተደቡብ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በተራሮች ግርጌ ትገኛለች፤ አካባቢው ሞቃት ሲሆን ገበሬው በዋናነት ማሽላና ጤፍ ያመርታል። ከወልድያ ወደ ምዕራብ፣ በተለምዶ «የቻይና መንገድ» በሚባለው ጎዳና የሄደ መንገደኛ ግን ብዙም ሳይቆይ ደጋ ላይ ይወጣል። ጋሸና ላይ ወደ ደቡብ ታጥፎ ዋድላን ካለፈ በኋላ የጅጣን ገደል ወርዶና ወጥቶ ከደላንታ አምባ ላይ ይደርሳል። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1868 መድፎቻቸውን እያስጎተቱ ወደ መቅደላ ያለፉት በዚሁ አምባ ላይ ነው። የደላንታ መሬት አብዛኛው ጥቁር አፈር ነው፤ በክረምት ውኃ ይቋጥራል፣ በበጋ ደርቆ ይሰነጣጠቃል። ስለዚህ በአንድ ዞን ውስጥ፣ በመኪና በጥቂት ሰዓታት ርቀት፣ ሁለት ዓይነት አፈርና ሁለት ዓይነት ማዕድ አለ ማለት ነው። ይህ ልዩነት በሕክምና ታሪክ ውስጥ ትርጉም ያገኘው በጓያ ምክንያት ነው።

ጓያ የሚስማማው እንዲህ ያለው ጥቁር መሬት ነው። ክረምቱ ሲያበቃ አፈሩ ውስጥ በቀረው እርጥበት ይዘራል፤ ማሳው ውኃ ቢያቁርም፣ ዝናቡ ጨርሶ ቢቀርም ፍሬ ይሰጣል። ብዙ ድካም አይጠይቅም። ከፍሬው ሩብ ያህሉ ወይም ከዚያ በላይ የሆነው ፕሮቲን ነው፤ ሆኖም ድኝ ያላቸው አሚኖ አሲዶች፣ ማለትም ሜቲዮኒንና ሲስቲን፣ ያንሱታል። በደኅናው ጊዜ ሽሮ ሆኖ ከእንጀራ ጋር ይበላል፤ ጉዳትም አይሰማም። ክፉ ዘመን ሲመጣ ግን ገብሱና ስንዴው፣ ባቄላውና ምስሩ ማሳ ላይ ሲቀሩ ጓያ ብቻውን ይተርፋል። የእህል ዋጋ ሲንር ርካሽ ሆኖ የሚገኘው እርሱ ነው። አስከፊው ነገር ደግሞ ድርቅ ራሱ በፍሬው ውስጥ ያለውን መርዝ የሚያበዛው መሆኑ ነው። ከዕለት ምግቡ ሢሶ ወይም ከዚያ የሚበልጠው ለጥቂት ወራት ጓያ የሆነበት ሰው አንድ ቀን ጠዋት ከመኝታው ሲነሣ፣ ወይም ከረጅም ጉዞና ከከባድ ሥራ በኋላ፣ እግሮቹ ይከዱታል።

ሕመሙን አንድ ጊዜ ያየ ሐኪም አይዘነጋውም። ሁለቱም እግሮች ይደርቃሉ፤ ጭኖች እርስ በርሳቸው ይጣበቃሉ፤ ሕመምተኛው በጣቶቹ ጫፍ እየረገጠ፣ እግሮቹን እንደ መቀስ እያነባበረ ይራመዳል። የጉልበትና የቁርጭምጭሚት ጅማቶች በመዶሻ ሲነኩ ከመጠን በላይ ይፈናጠራሉ፤ የባቢንስኪ ምልክት ይገኛል። የመዳሰስ ስሜት ግን ደኅና ነው፤ ማስተዋልና ንግግር አይነኩም፤ ሽንትን የመቆጣጠር ችግር ቢኖር እንኳ በአብዛኛው መጀመሪያ ላይ ታይቶ የሚያልፍ ነው። የጉዳቱ መጠን የሚለካው በምርኩዝ ነው፦ ያለ ምርኩዝ የሚሄድ፣ በአንድ ምርኩዝ የሚሄድ፣ በሁለት የሚሄድ፣ በመጨረሻም የሚድህ። አንድ ጊዜ ከያዘ በኋላ እንደ ብዙዎቹ የነርቭ ሕመሞች እየባሰ አይሄድም፤ ነገር ግን አይለቅም። በሃያ ዓመቱ የተመታ ወጣት ዕድሜውን በሙሉ እንዲሁ ይኖራል።

የምስል ምርመራ ቦታ እዚህ ላይ በትክክል መነገር አለበት። አንድ ወጣት ሁለት እግሩ ደርቆ መርሳ ላይ ወይም ወልድያ ላይ ቢቀርብ ሐኪሙ በቅድሚያ ሊያስብ የሚገባው ሊታከም የሚችለውን ነው። የአከርካሪ አጥንት ሳንባ ነቀርሳ በሀገራችን ከዚህ ምልክት በስተጀርባ ተደብቆ ይገኛል፤ ተራ ራጅ እንኳ ብዙ ጊዜ ያሳየዋል። ኅብለ ሰረሰርን የሚጫን ዕጢ ወይም የዲስክ መንሸራተት በኤምአርአይ ይታያል። የቫይታሚን ቢ12 እጥረትና ኤችቲኤልቪ የተባለው ቫይረስ የሚያመጣው ሽባነትም መዘንጋት የለባቸውም። በጓያ በተጎዳ ሰው ግን ራጁም፣ ሲቲ ስካኑም፣ ኤምአርአዩም አብዛኛውን ጊዜ «ጤናማ» ተብሎ ይመለሳል። ጤናማ ምስልና የደረቀ እግር አብረው ሲመጡ ያልለመደ ዐይን ሕመምተኛውን ወደ መጠራጠር ሊያደላ ይችላል። ጥያቄው ግን ጉዳቱ አለ ወይስ የለም አይደለም፤ ጉዳቱ ከምስሉ መለያ አቅም በታች ነው እንጂ።

ጉዳቱ የት እንዳለ የሚያመለክተው የአናቶሚ ዕውቀት ከሲቲ ስካን መቶ ዓመት ገደማ ይቀድማል። በ1874 የኪየቩ አናቶሚስት ቤትስ በእንቅስቃሴ ቅርፊት ውስጥ ግዙፍ የፒራሚድ ቅርጽ ያላቸውን ሕዋሳት ገለጸ። ከእነርሱ ትልልቆቹ ወደ እግር የሚወርደውን ትእዛዝ የሚልኩት ናቸው፤ የሚገኙትም ሁለቱ የአንጎል ንፍቆች በሚገናኙበት መሐል ለመሐል ነው። በጓያ ሽባነት ሞተው አስከሬናቸው የተመረመረ ሰዎች እጅግ ጥቂት ናቸው፤ በእነርሱ ላይ የታየው ከዚህ ስፍራ ተነሥቶ በኅብለ ሰረሰር የሚወርደው መስመር መመናመኑ ነው። መርዙ ራሱ በ1964 በሕንድ ሳይንቲስቶች ተለይቶ ታወቀ፤ ቤታ ኦዳፕ የሚባል፣ ከፕሮቲን ግንባታ ውጪ የሆነ አሚኖ አሲድ ነው። ግሉታሜት የተባለውን የአንጎል መልእክተኛ አስመስሎ ተቀባዮቹን ከልክ በላይ ይቀሰቅሳል፤ ሕዋሱም ከመጠን ባለፈ ቅስቀሳ ይሞታል። በ1986 ስፔንሰርና ባልደረቦቹ መርዙ በዝንጀሮዎች ላይ ተመሳሳይ የእንቅስቃሴ መስመር ጉዳት እንደሚያስከትል በላንሴት አሳተሙ። በኋላም በባንግላዴሽ ሕመምተኞች ላይ በማግኔት የሚሠራ የአንጎል ቅስቀሳ ተሞክሮ ወደ እግር የሚሄደው መልእክት መጓደሉ ተመዘገበ። ምስል ያላሳየውን የኤሌክትሪክ ልኬት አሳየ ማለት ነው።

ከላቦራቶሪ ውጪ ያለው ታሪክ ግን ሁልጊዜ የረሃብ ታሪክ ነው። ላቲሪዝም የሚለውን ስም በ1873 የሰጠው የኔፕልሱ ሐኪም ካንታኒ ነው። ከሁሉ የሚዘገንነው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በሩማንያ አስተዳደር ሥር በነበረው በቫፕንያርካ እስር ቤት የሆነው ነው። በ1942 ከአንድ ሺህ በላይ አይሁድ እስረኞች የከብት መኖ የሆነ ጓያ ተቀቅሎ ይሰጣቸው ጀመር፤ በወራት ውስጥም በመቶዎች የሚቆጠሩት ሽባ ሆኑ። ምክንያቱን ያወቀው ራሱ እስረኛ የነበረው ሐኪም አርተር ኬስለር ነው። ምን መሣሪያ ነበረው? እስረኞቹ የሚበሉትን አየ፤ አረማመዳቸውን አየ፤ ሁለቱን አገናኘ።

በሀገራችን ጉዳዩ በሕክምና ጽሑፍ በሰፊው የተነሣው በ1976 እና በ1977 በጎንደር ደምቢያና ፎገራ ከደረሰው ወረርሽኝ በኋላ ነው፤ ዘገባው በ1978 በኢትዮጵያ ሕክምና መጽሔት ታትሟል። በዚያው አካባቢ የነርቭ ሐኪሙ ፕሮፌሰር ረዳ ተክለ ሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው ቤት ለቤት ባደረጉትና በ1990 ባሳተሙት ጥናት ከ1,000 ሰው በአማካይ 6ቱ በጓያ የተጎዱ ሆነው ተገኙ። ይኸው ቡድን በቡታጅራ አካባቢ 60,820 ሰዎችን በቤት ለቤት አሰሳ ያጠና ሲሆን፣ የሚጥል በሽታ ከ1,000 ሰው በ5.2 ላይ እንደሚገኝና ከሕመምተኞቹ መድኃኒት ያገኙት 1.6 በመቶ ብቻ እንደሆኑ ያረጋገጠው ያ ጥናት ነው። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የነርቭ ሕክምና የስፔሻሊስት ሥልጠና የተጀመረው በ2006 መሆኑን ስናስብ፣ የኢትዮጵያ የነርቭ ሕክምና ምርምር ከሥልጠናውም ከመሣሪያውም ቀድሞ በእግር ጉዞ መጀመሩን እንገነዘባለን። ይህ እንደ ድክመት ሲቆጠር ይሰማል፤ አነጋገሩ ግን ትክክል አይደለም። ቤት ለቤት ባይኬድ ኖሮ ከሆስፒታል በር የማይደርሰው የሚድህ ሰው አይቆጠርም ነበር።

ወደ ደላንታ እንመለስ። በዚያን ጊዜ ደላንታና ዳውንት በአንድ ወረዳ ሥር ሆነው በሰሜን ወሎ ዞን፣ ማለትም በወልድያ ይተዳደሩ ነበር (በኋላ ዳውንት ራሱን ችሎ በሰሜን ወሎ ሲቀር ደላንታ ወደ ደቡብ ወሎ ተካቷል)። ከ1995 ጀምሮ ወረርሽኙ ተነሥቶ በ1997 በረታ፤ የተጎዱት ሰዎች ቁጥር ከ2,000 በላይ ሆነ። ከሴቶች ይልቅ ወንዶች፣ ከአረጋውያን ይልቅ ታዳጊዎችና ወጣቶች በዝተው ተጠቁ። ይህን ቁጥር ደጋውን ለሚያውቅ ሰው መተርጎም ቀላል ነው፤ የሚያርሰውና የሚያጭደው፣ እህል ተሸክሞ ገደል የሚወጣውና የሚወርደው እጅ በአንድ ወረዳ ውስጥ በሁለት ዓመት ሽባ ሆነ ማለት ነው። በዞኑ የሕክምና ሥራ ላይ የነበሩት ዶክተር ኃይለየሱስ ጌታሁን ከፕሮፌሰር ረዳና ከቤልጅጉ የጌንት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ፈርናንድ ላምባይን ጋር ሆነው ወረርሽኙን በ1999 በላንሴት አሳወቁ።

ማሳወቁ ብቻውን ታላቅ ሥራ ነበር፤ ትልቁ ግኝት ግን ቀጥሎ የመጣው ነው። በደላንታ ጓያ ያልበላ የለም ለማለት ይቻል ነበር፤ ታዲያ አንዱ ቤት ተጎድቶ ጎረቤቱ ለምን ተረፈ? በላቦራቶሪ የፍሬውን መርዝ መለካት ይህን ጥያቄ አይመልስም፤ ፍሬው ከአንድ ማሳ፣ ከአንድ ገበያ የመጣ ነውና። ተመራማሪዎቹ ስለዚህ ወደ ማጀት ገቡ። የተጎዱትንና ያልተጎዱትን እያነጻጸሩ ጓያው እንዴት እንደተሰናዳ፣ በምን እንደተበሰለ፣ ከምን ጋር እንደተበላ ጠየቁ። በ2002 የታተመው ውጤት ጓያን በሸክላ ዕቃ ማብሰል ከበሽታው ጋር ራሱን የቻለ ዝምድና እንዳለው አመለከተ። በ2003 እና በ2005 የታተሙት ደግሞ የአሰነዳዱን ድርሻ አሳዩ። ጓያን በንፍሮ፣ በቆሎና በጥሬ እሸት መልክ መብላት ለበሽታው የመጋለጥን ዕድል ይጨምራል። በእርሾ ተቦክቶ በእንጀራ መልክ፣ እንዲሁም በቂጣና በሽሮ ወጥ መልክ ሲበላ ግን ይህ ጭማሪ አልታየም። ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል ካሉበት ወጥ ጋር የበሉት ሰዎች የመጋለጥ ዕድላቸው ወደ ሩብ ዝቅ ብሎ ተገኘ። ከጥራጥሬው ጋር የብርዕና የአገዳ እህል መቀላቀልም ይከላከላል፤ ጓያ የጎደሉትን ድኝ ያላቸውን አሚኖ አሲዶች እነዚህ ይሞሉለታልና።

እነዚህን ግኝቶች በወሎ ማጀት ዐይን ላነበባቸው ስለ ወጣቶቹ ወንዶችም አንድ ነገር ይጠቁማሉ። እረኛ ልጅ ማሳ ዳር ሆኖ እሸት ይበላል፤ ገበሬ ለእርሻ ሲወጣ ቆሎና ንፍሮ በኪሱ ይይዛል። ወጡ የሚሠራው ቤት ነው፤ ቤት የሚውለውም የሚበላው ወጡን ነው። ይህ ብቻ የጾታውን ልዩነት ሁሉ ይገልጻል ማለት አይደለም፤ ሆኖም ከመስክ የመጣ መረጃ ከመስክ ኑሮ ጋር ሲገናዘብ እንዴት እንደሚናገር ያሳያል። ችግሩ የጠናበት ቤት ደግሞ ሽንኩርትም፣ ዘይትም፣ ለእርሾ የሚሆን ትርፍ ዱቄትም፣ ለረጅም ምጣድ የሚበቃ እንጨትም ያጣል፤ ንፍሮ የድህነት አሰነዳድ ነው። በዚህ ምክንያት ተመራማሪዎቹ ምክራቸውን ለእናቶች ብቻ ሳይሆን ለርዳታ ሰጪዎችም አቀረቡ፦ በረሃብ ጊዜ የእህል ርዳታ ቀድሞ መድረሱ ነፍስን ማቆየት ብቻ ሳይሆን ሽባነትንም መከላከል ነው። ስንዴ ሁለት ወር ሲዘገይ ዋጋው በምርኩዝ ይቆጠራል።

ከሥራዎቹ ሁሉ ለጤና ባለሙያው እጅግ ቅርብ የሆነው፣ ምናልባትም እምብዛም ያልተነበበው፣ በ2002 የወጣው ሌላው ጥናት ነው። ይህኛው የተጠኚዎችን እግር ሳይሆን የጤና ሠራተኞችንና የገጠር ነዋሪዎችን ዕውቀትና አመለካከት ጎን ለጎን አስቀምጦ መዘነ። ጓያ በሚበቅልባቸው አካባቢዎች በሽታው የሚመጣው ጓያ ሲቀቀል ከሚወጣው እንፋሎት ወይም በገለባው ላይ ከመሄድና ከመተኛት ነው የሚል እምነት አለ። ይህ እምነት የዋዛ አይደለም፤ ሰው ከእንፋሎቱ እየሸሸ ንፍሮውን ይበላልና። ባለሙያውን ከነዋሪው ጋር በአንድ ሚዛን የማስቀመጡ ሐሳብ ራሱ ድፍረት የተሞላበት ነበር። የሕክምና ትምህርት ቤቶቻችን ተማሪው በጥቂት ሰው ላይ ስለሚታይ የአውሮፓ ሕመም ገጾች እንዲሸመድድ ሲያደርጉ፣ ወረዳ ሲመደብ ስለሚጠብቀው ስለዚህ ሕመም የሚሰጡት ጊዜ ኢምንት ነበር።

ፈውስን በተመለከተ የሚነገረው አጭር ነው። የሞቱትን ሕዋሳት የሚመልስ መድኃኒት የለም። በ1997 በኢትዮጵያ ሕክምና መጽሔት የወጣ ጥናት ቶልፔሪዞን የተባለውን ጡንቻ አላላቂ መድኃኒት ከአምሳያ ክኒን ጋር በማወዳደር የእግር ድርቀትን እንደሚቀንስ አሳይቷል። የአካል እንቅስቃሴ ሕክምናና ተስማሚ ምርኩዝ ይረዳሉ። ጓያውን በብዙ ውኃ ዘፍዝፎ ውኃውን መድፋት መርዙን በከፊል ያወጣል፤ ይህ ምክር ግን ውኃ ከገደል ሥር በጀርባ በሚቀዳበት አገር ምን ያህል እንደሚከብድ መዘንጋት አይገባም። መርዙ ያነሰባቸው ዝርያዎች በምርምር ተገኝተው በኢትዮጵያም ተለቅቀዋል፤ ሆኖም ንብ ከጎረቤት ማሳ ዱቄተ አበባ ስለምታመጣ ዝርያው በትውልድ ይከለሳል፤ ዘሩም በየጊዜው መታደስ አለበት።

ባለፉት ሁለት አሥርት ዓመታት ሲቲ ስካንና ኤምአርአይ ከአዲስ አበባ አልፈው በክልል ከተሞች ገብተዋል፤ የነርቭ ሐኪሞች ቁጥርም ከቀድሞው ጨምሯል። ይህ ለሀብሩና ለመርሳ ሕመምተኛ ትልቅ ነገር ነው፤ ዕጢውና የአከርካሪው ነቀርሳ ቀድመው ይገኛሉና። ነገር ግን ከደጋ የወረደ ወጣት በጣቶቹ ጫፍ እየረገጠ ገብቶ የምስል ውጤቱ ጤናማ ሆኖ ሲመለስ፣ በካርዱ ላይ የሚቀረው ባዶ ስፍራ ሌላ ምስል በማዘዝ አይሞላም። ጓያ በማይዘራበት ቆላም ቢሆን ከገበያ ስለሚገዛ የመኖሪያ ቀበሌውን መጠየቅ ብቻ አይበቃም። የሚጠየቀው ከመታመሙ በፊት በነበሩት ወራት ምን ይበላ እንደነበር፣ በንፍሮ ነው ወይስ በወጥ፣ ብቻውን ነው ወይስ ከሌላ እህል ጋር፣ በቤቱና በጎረቤት ሌላ የታመመ እንዳለ ነው። ሁለተኛና ሦስተኛ ሰው ከተገኘ ለዞኑ ጤና መምሪያ ብቻ ሳይሆን ለግብርናውና ለርዳታው ክፍልም በዚያው ሳምንት ሊነገር ይገባል፤ ጓያ ከተዘራበት ማሳ አጠገብ ሌላው ሰብል ደርቆ እንደሆነ የሚያውቁት እነርሱ ናቸውና።